የሙከራ ላሜራ

ከጅቡቲው መንገድ ዳር፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
ነፋስ ሳይቀድመን ነው ጠዋት የምንገባ።
መሬቱን ውሃ እንረጫለን፣ አቧራውን እንዲይዝ፤
አዳማ ላይ አቧራ ነው ከሰው ቀድሞ የሚጓዝ።
እርጥብ ቀለም ላይ አንዴ ካረፈ፣
የዚያ ቀን ልፋት ከሸፈ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ሥራ፣
የተጋጨን መኪና ካልተጋጨ ተራ
መልሶ ማሰለፍ ነው።
ጎድጓዳው በስቱኮ ይሞላል፣ ይፋቃል፣
ደግሞ ይሞላል፣ ደግሞ ይፋቃል፤
ባለቤቱ መጥቶ በመዳፉ ይዳብሳል፣
«የቱ ጋ ነበረ?» ይላል።
ይህችው ናት ደመወዜ።
የቱ ጋ እንደነበር ሲጠፋው፣ ያን ጊዜ
እኔም አብሬ እጠፋለሁ፣
ደስ ብሎኝ።

ከግድግዳው ላይ ግን አንድ ላሜራ ነበር፣ ከፈረሰ ኪዮስክ ነቅለን ያመጣነው፤
መርጫው የሚተፋ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱ ላይ ነው የምናስተፋው።
የሚኒባስ ሰማያዊ፣ የአይሱዙ ነጭ፣
ከሲሚንቶ ጫኝ ሲኖትራክ የተረፈ ቢጫ፣ እርጭ እርጭ፣
ከመሀል አንዲት ቀይ።
ጉርሜሳ፣ ረዳቴ፣ እጁን ይጠርግበታል፤
ከግርጌው ስልክ ቁጥር በምስማር ተጭሮበታል፣
የአንድ ስቱኮ ነጋዴ፣
ከሞተ የቆየ።

ሚያዝያ ላይ አንዲት ልጅ መጣች፣ ረቂቅ የምትባል፤
የቪትዟ የቀኝ በር እንደ ቆርኪ ተጨራምቷል።
በሩን ረስታ ላሜራው ፊት ቆመች፣
አንገቷን አዘመመች፣
«ማነው የሣለው?» አለች።
«ማንም» አልኳት።
«ስንት ጊዜ ፈጀ?»
«ሃያ ሁለት ዓመት።»
ጉርሜሳ ሳቀብኝ። ሁለቱም ግን እውነት።
«ይሸጣል?» የቆርቆሮ ዋጋ ጠራሁላት፤
እጥፉን፣ የእጥፉን እጥፍ ስትቆጥር፣ እኔ አፈርኩላት።

ሰቀሉት፣ ከአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ፣
ከአናቱ መብራት፣ ከጎኑ ስሜ ከነአባቴ የሚታይ፤
ከስሜ ሥር «ርዕስ የለሽ»።
እጄን በቲነር ታጥቤ፣ የሰርግ ኮቴን ለብሼ ሄድኩ፤
እንደ እንግዳ ከኋላ ቆሜ ሰዎቹን አዳመጥኩ።
አንዱ፣ መነጽሩን እያወለቀ፣
«ሁሉን የያዘችው ቀይዋ ናት፤ ቦታዋን ሰውየው እንዴት አወቀ!»

ቀይዋን አውቃታለሁ።
የሙሽራ መኪና ነበር፤ ሚዜው ደጅ ላይ ጥሩምባ ሲነፋ፣
መርጫው ታፍኖ ቆይቶ ድንገት ሲተፋ
ያመለጠች ናት።
ልናገር ጉሮሮዬን ጠረግኩ።
ደግሞ አየኋት።
ለካ ይዛዋለች።

ሲያልቅ ወጣን። የረቂቅ ቪትዝ ደጅ ቆማለች፣
ከነበሯ።
ብርማ ቀለም ተንኮለኛ ነው፤
ጥላ ውስጥ ይስማማል፣ ፀሐይ ላይ ያጋልጣል።
ሦስት ቀን ቀላቅያለሁ፤
ጠዋት አይቼ፣ ቀትር አይቼ፣ ደግሜ ደፍቻለሁ።
በዕድሜዬ እንደዚያ በር ያሰብኩበት ነገር የለም።
ያ መነጽራሙ ሰው ተደግፎት ስልክ ደወለ።
አላየውም።
ቢያየው ኖሮ ወድቄያለሁ።

በማግስቱ ሌላ ላሜራ ቸነከርን፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ።
መርጫዬን አነሳሁ፤ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ።
ወደ ላይ ይሻል ይሆን? ከጠርዙ ትንሽ ይራቅ?
«ጋሼ፣ ቀለሙ ሊደርቅ ነው» አለኝ።
ዓይኔን ጨፍኜ ረጨሁ፤
ጨፍኜም ግን የት እንዳረፈ አወቅሁ።

ማታ፣ ኮምፕረሰሩ ተንፍሶ ሲያበቃ፣
ጉርሜሳ እጁን ሊጠርግ ወደ ግድግዳው ሄደ።
ቆመ።
ቦታ ሲመርጥ አየሁት።